የይለፍ ቃል ከተርሚናል፦ ማዘጋጀት፣ ሃሽ ማድረግ፣ መንገድ ላይ አለማፍሰስ

ልምምድ ላይ የነበረ አንድ ልጅ በመጀመሪያው ቀኑ አጠገቤ ተቀምጦ የአንድ አካውንት የይለፍ ቃል እንዲቀይር ነገርኩት። ትዕዛዙን ጻፈ፣ ኢንተር ተጫነ። ከዚያ ፊደል ይነካል፣ ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። ደግሞ ነካ፣ አሁንም ምንም። «ጋሼ፣ ኪቦርዱ ሞቷል» ብሎኝ ገመዱን ነቅሎ መልሶ ሰካው።

ኪቦርዱ አልሞተም። ሊኑክስ ተርሚናል ላይ፣ ማለትም ትዕዛዝ በጽሑፍ በሚገባበት መስኮት፣ የይለፍ ቃል ሲቀበል አብዛኛውን ጊዜ ኮከብ እንኳን አያሳይም፤ ከኋላ የቆመ ሰው የፊደሉን ብዛት እንዳይቆጥር ነው። ጻፉት፣ ኢንተር በሉ፣ ድገሙት፣ አለቀ።

እኔ ይህን ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼዋለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሃሹ፣ ማለትም የይለፍ ቃሉ ተፈጭቶ የሚወጣውና በቀላሉ ወደ ቃሉ የማይመለሰው ጽሑፍ፣ ተሰብሮበት የተጎዳ ሰው በዓይኔ አላየሁም። ያየሁት መንገድ ላይ የፈሰሰ የይለፍ ቃል ነው፦ የትዕዛዝ ታሪክ ውስጥ የቀረ፣ ሎግ (የስርዓቱ መዝገብ) ላይ የሰፈረ፣ በተሳሳተ ጥቅስ ምልክት የተቆራረጠ። ስለዚህ ስለ ሃሹ የምለው ጥቂት ነው፤ ስለ መንገዱ ግን እለፈልፋለሁ።

ስለ አጻጻፍ አስቀድሜ ልናገር። ትዕዛዞቹን ሲጠሩ እንደሚሰሙት በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ፤ ተርሚናሉ ላይ የሚገቡት ግን በላቲን ትንንሽ ፊደላት ነው። ግራ የሚያጋቡትን በየቦታቸው አብራራለሁ። «እንግዳ» ያልኩት የተጠቃሚው ስም ነው፤ በእሱ ቦታ የራሳችሁን ተጠቃሚ ስም በላቲን ተኩ።

ቀላሉ መንገድ

የራሳችሁን ለመቀየር ይህ ብቻ በቂ ነው፦

ፓስውድ

አጻጻፉ ፓስወርድ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ኦ እና አር ብቻ ይወጡለታል። መጀመሪያ የአሁኑን ይጠይቃችኋል፣ ቀጥሎ አዲሱን ሁለት ጊዜ። የሌላ ሰው ከሆነ፦

ሱዱ ፓስውድ እንግዳ

እዚህ የድሮውን አይጠይቅም፤ በሱዱ በኩል ሩት፣ ማለትም ሁሉን ማድረግ የሚችለው አስተዳዳሪ፣ ሆናችኋልና። ሱዱ ራሱ መጀመሪያ የእናንተን የይለፍ ቃል ሊጠይቅ ስለሚችል የትኛው ጥያቄ የማን እንደሆነ አንብባችሁ መልሱ። ያ ልጅ በሁለተኛው ቀኑ የራሱን የይለፍ ቃል ለእንግዳው ሰጥቶት ነበር።

የቃሉን ጥራት የሚቆጣጠር ሞጁል ካለ «ደካማ ነው» ብሎ ያጉረመርማል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሩትን አይከለክልም። ማጉረምረሙን ሰምቶ ማለፍ ይቻላል ማለት ነው። ባታልፉት ይሻላል።

ሁኔታውን ለማየት ትልቁን ኤስ ተጠቀሙ፦

ሱዱ ፓስውድ -ኤስ እንግዳ

ከስሙ ቀጥሎ የምትመጣው ምልክት ፒ ከሆነች የይለፍ ቃል አለው፣ ኤል ከሆነች ተቆልፏል፣ ኤንፒ ከሆነች የይለፍ ቃል የለውም። የሬድ ሃት (ቀይ ኮፍያ) ቤተሰብ በሆኑት የሊኑክስ ስርዓቶች ላይ ፒኤስ እና ኤልኬ የሚሉ ምልክቶችም ታያላችሁ። ኤንፒን ካያችሁ ሻዩን አስቀምጡና እሱን ጨርሱ።

ሻዶው ፋይሉ ላይ ምን ተጻፈ?

ድሮ ሃሹ የሚቀመጠው /ኢቲሲ/ፓስውድ ውስጥ ነበር፤ ያ ፋይል ደግሞ ለማንም ይነበባል። ዛሬ በዚያ ቦታ የቀረችው አንዲት ኤክስ ፊደል ናት። ሃሹ ወደ /ኢቲሲ/ሻዶው ሄዷል፣ ያንን ደግሞ ተራ ተጠቃሚ አያነበውም። አንዱን መስመር እንክፈተው፦

ሱዱ ጌትኤንት ሻዶው እንግዳ

የሚወጣው እንዲህ ያለ ነው፦

እንግዳ:$6$ጨው$ሃሽ:20000:0:99999:7:::

በሁለት ነጥብ የተለያዩ ዘጠኝ ክፍሎች ናቸው። አንደኛው ስሙ፣ ሁለተኛው የይለፍ ቃሉ ሃሽ። ሦስተኛው፣ ማለትም 20000፣ የይለፍ ቃሉ የተቀየረበት ቀን ነው፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀን ብዛት ይቆጠራል። 20000 ማለት ኦክቶበር 4 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ነው። ቀጥሎ ያሉት ከቀየሩ በኋላ እንደገና ለመቀየር ስንት ቀን እንደሚጠበቅ፣ ስንት ቀን እንደሚያገለግል፣ ከማለፉ ስንት ቀን በፊት እንደሚያስጠነቅቅ ይናገራሉ። የቀሩት ባዶ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም ባዶ እንደሆኑ ይኖራሉ።

ሁለተኛው ክፍል ራሱ በዶላር ምልክት የተከፋፈለ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ዘዴውን ይናገራል። 1 ከሆነ ኤምዲ5 ላይ የተሠራው አሮጌ ዘዴ ነው፤ ዛሬ ስታዩት መቀየር አለበት። 5 ኤስኤችኤ-256፣ 6 ኤስኤችኤ-512። በ2 ጀምሮ ፊደል የሚከተለው ቢክሪፕት ነው። ቁጥሩ ቀርቶ ዋይ የምትል ፊደል ካያችሁ «የስክሪፕት» የተባለው ዘዴ ነው (የስ እና ክሪፕት የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ተጣብቀው የሆነ ስም ነው፤ ከስክሪፕት ጋር አታምታቱት)፤ ዴቢያን 11 እና ፌዶራ 35 የተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ሁለቱም በ2021 እ.ኤ.አ. ነባሪ ያደረጉት እሱን ነው፣ ኡቡንቱ 22.04ም እንደዚያው። በቁጥር 6 የተሠራ ከሆነ የመጨረሻው ክፍል ሁልጊዜ 86 ፊደል ነው። እኔ ይህችን ቁጥር በቃሌ ይዣታለሁ፤ ሃሽ ሲቀዳ ሲለጠፍ ጫፉ መቆረጡን የምይዘው በእሷ ነው።

ከዘዴው ቀጥሎ ጨው አለ። ጨው ማለት ከይለፍ ቃሉ ጋር ተቀላቅሎ የሚሰላ የዘፈቀደ ጽሑፍ ነው። ሚስጥር አይደለም፣ ሃሹ አጠገብ በግልጽ ተቀምጧል። ሥራው ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል ቢኖራቸው ሃሻቸው የተለያየ እንዲሆን፣ ሰባሪውም ቀድሞ አስልቶ ያስቀመጠው ሰንጠረዥ እንዳይጠቅመው ማድረግ ነው። ለሁሉም አካውንት አንድ ጨው የሚሰጡ ስክሪፕቶች አጋጥመውኛል። ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሮበርት ሞሪስ እና ኬን ቶምሰን በ1979 እ.ኤ.አ. የሊኑክስ ቀዳሚ ስለሆነው ስለ ዩኒክስ የይለፍ ቃል ደህንነት ሲጽፉ ጨውን አስረድተዋል፤ ያኔ 12 ቢት ስለነበር 4096 ዓይነት ጨው ብቻ ነበር። ሃሹን ሆን ብሎ ማዘግየትም ከዚያው ዘመን ነው፤ ዲኢኤስ የተባለውን ስሌት 25 ጊዜ ይደጋግሙት ነበር። ድክመቱ የይለፍ ቃሉን የመጀመሪያ 8 ፊደላት ብቻ ማየቱ ነው፣ ሃያ ፊደል ብትጽፉም የቀረው ከንቱ ነበር። የራሱ የቶምሰን የድሮ የይለፍ ቃል ከ1980 አካባቢ ከነበረ የቢኤስዲ (አንድ የዩኒክስ ዓይነት) ፋይል ላይ ተገኝቶ በ2019 እ.ኤ.አ. ተሰበረ፤ አንድ የግራፊክስ ካርድ ከአራት ቀን በላይ ለፍቶበት። ቃሉ የቼዝ መክፈቻ እርምጃ ሆኖ ተገኘ። ለዚያ ዘመን ሃሽ መቼም ክብር ይገባዋል።

ዛሬ ቁጥር 6 በነባሪ 5000 ዙር ይሽከረከራል። ከፈለጋችሁ ዙሩን ማብዛት ይቻላል፤ ያኔ ከ6 ቀጥሎ «ራውንድስ=» ብሎ ቁጥሩን የሚናገር ተጨማሪ ክፍል ይገባል። የስክሪፕት ግን ከዙር በተጨማሪ ሜሞሪ ስለሚበላ ለግራፊክስ ካርድ ይከብዳል። ምርጫው የእኔ ከሆነ እሱን እወስዳለሁ፤ አሮጌ ማሽን ጋር የምጋራው ሃሽ ከሆነ ግን 6 ላይ እቆማለሁ፣ የስክሪፕትን የማያውቅ ማሽን ሰውየውን ውጪ ያስቀረዋልና።

ሃሽ ለብቻው መሥራት

አንዳንዴ የይለፍ ቃሉን ሳይሆን ሃሹን ብቻ ነው የምንፈልገው፦ ለአውቶማቲክ ጭነት፣ ማሽን በራሳቸው ለሚያዘጋጁት ለአንሲብልና ለክላውድ-ኢኒት፣ ወይም የይለፍ ቃሉን ባለቤቱ ራሱ ሠርቶ ሃሹን ብቻ እንዲልክልን። ይህ የመጨረሻው የምወደው አሠራር ነው። ሰውየው በራሱ ማሽን ላይ እንዲህ ይላል፦

ኦፕንኤስኤስኤል ፓስውድ -6

ሁለት ጊዜ ይጠይቀዋል፣ ከዚያ በ$6$ የሚጀምር አንድ መስመር ያወጣል። ደግማችሁ ብትሠሩት በዚያው የይለፍ ቃል ሌላ መስመር ይወጣል፤ ጨው በየጊዜው ስለሚቀየር ነው፣ አትደንግጡ። -6 ማለትን አትርሱ። ቁጥሩን ካልሰጣችሁት ሦስተኛው ዋና እትም በኤምዲ5 ዘዴ ይሠራዋል፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ደግሞ በዚያ ስምንት ፊደል ብቻ በሚያየው ጥንታዊ ዘዴ። ይህ መሣሪያ የስክሪፕትን አያውቅም። እሱን ከፈለጋችሁ፦

ኤምኬ-ፓስውድ -ኤም የስክሪፕት

ስሙ ኤም፣ ኬ፣ ከዚያ ፓስውድ ነው፤ መካከሉ ላይ ሰረዝ የለውም፣ እኔ ለንባብ ነው የከፈልኩት። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ማንም በማይጠረጥረው ቦታ፣ ሁኢዝ በሚባለው ጥቅል ውስጥ ተደብቋል። ኤክስፔክት ከሚባለው ጥቅል ጋር የሚመጣ ሞክሼ አለው፤ ያኛው የዘፈቀደ የይለፍ ቃል ፈጥሮ የሚያወጣ ሌላ ፕሮግራም ነው። ደግሞ ኤምኬ-ፓስውድ የሚጠይቃችሁ አንዴ ብቻ ነው፣ ማረጋገጫ የለውም። ጣታችሁ ቢንሸራተት የተንሸራተተውን ሃሽ አድርጎ ይሰጣችኋል። ስለዚህ አረጋግጡ። ቁጥር 6ን ማረጋገጥ ቀላል ነው፤ ጨውን ከመስመሩ ላይ ወስዳችሁ መልሳችሁ ትሰጡታላችሁ፦

ኦፕንኤስኤስኤል ፓስውድ -6 -ሶልት 'ጨው'

ያው መስመር ከወጣ የይለፍ ቃሉ ያው ነው። ዙሩ ከነባሪው የተለየ ከሆነ ግን ይህ ንጽጽር አይገጥምም።

ፓይተን ውስጥ ክሪፕት የሚባለውን ሞጁል ለዚህ የምትጠቀሙ ካላችሁ፣ ከ3.13 እትም ጀምሮ ወጥቷል። አሮጌ ስክሪፕቶቻችሁ የሚወድቁት ለዚህ ነው።

የማይሠራውንም ልንገራችሁ። አንድ ባልደረባዬ የይለፍ ቃሉን በኤኮ አውጥቶ ወደ ኤስኤችኤ512ሰም አሳለፈና የወጣውን 128 አሃዝ ሻዶው ውስጥ ለጠፈው። ስሙ ስለተመሳሰለ ነው። ግን ያ ጨው የለውም፣ ዙር የለውም፣ ዶላር የለውም። ደግሞ ኤኮ መጨረሻ ላይ የመስመር መዝጊያ ስለሚጨምር የተሰላው የይለፍ ቃሉ እንኳን አልነበረም። ስርዓቱ እንዲህ ያለውን አይቶ ማንንም አያስገባም። ደግነቱ ማንንም አለማስገባቱ ነው።

የጥቅስ ምልክቱ ሌሊት

አሁን የራሴን ልናዘዝ። አንድ ቦታ ስሠራ 38 አካውንት ከአሮጌ ሰርቨር ወደ አዲስ ማዛወር ነበረብኝ። ሃሾቹን አወጣሁ፣ ኤክሴል ላይ ከስሞቹ ጎን ደረደርኳቸው፣ የተጠቃሚን ቅንብር የሚቀይረውን የዩዘርሞድ ትዕዛዝ በቀመር አገጣጠምኩና 38 መስመር ያለው ስክሪፕት ሠራሁ። እያንዳንዱ መስመር እንዲህ ነበር፦

ዩዘርሞድ -ፒ "$6$ጨው$ሃሽ" እንግዳ

ስክሪፕቱ ያለ አንዳች ቅሬታ ሮጦ ጨረሰ። እኔም ተኛሁ። ጠዋት አንድም ሰው መግባት አልቻለም።

በድርብ ጥቅስ ውስጥ ሼሉ፣ ማለትም ትዕዛዛችንን ተቀብሎ የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ዶላርን ሲያይ ተለዋዋጭ ነው ብሎ ይተረጉመዋል። $6 ለስክሪፕቱ የተሰጠው ስድስተኛ ግብዓት ማለት ነው፤ እኔ ምንም አልሰጠሁትም፣ ስለዚህ ባዶ። ቀጥሎ ጨው ያለው ዶላር መጣ፤ በዚያ ስም የተሰየመ ተለዋዋጭ የለም፣ ባዶ። ሃሹም እንደዚያው። የተለዋዋጭ ስም ከፊደል፣ ከቁጥርና ከስር ሰረዝ ውጪ ስለማይይዝ ሼሉ ነጥብ ወይም ስላሽ እስኪገጥመው ያለውን ሁሉ ስም ነው ብሎ ውጦታል። ስለዚህ ሻዶው ውስጥ የገባው በአብዛኛው ከነጥብ ወይም ከስላሽ ጀምሮ ያለ ቁርጥራጭ ጅራት ነበር። የአንዱ ሠላሳ ፊደል፣ የሌላው ሰባ፣ የአንዱ ደግሞ አራት።

የሚያስፈራው እሱ አይደለም። ከ38ቱ የአንዱ ጨውም ሃሹም ነጥብና ስላሽ አልነበራቸውም። የእሱ ክፍል ጨርሶ ባዶ ሆነ። ባዶ ማለት የይለፍ ቃል የለውም ማለት ነው፤ ያ ኤንፒ የምትለው ምልክት። 37 ሰው በሩ ተቆልፎበት ሲጮኽ የአንዱ በር ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ነበር፤ እሱ ደግሞ ፈቃድ ላይ ስለነበር አልጮኸም። ያገኘሁት ከሰዓት በኋላ አንድ በአንድ ስፈትሽ ነው።

መፍትሔው ነጠላ ጥቅስ ነው፦

ሱዱ ዩዘርሞድ -ፒ '$6$ጨው$ሃሽ' እንግዳ

በነጠላ ጥቅስ ውስጥ ሼሉ ምንም አይተረጉምም። ያው አደጋ ሌላም ቦታ ያደባል። ብዙ መስመር በአንድ ጊዜ የምታስገቡበት የሄርዶክ አጻጻፍ መዝጊያ ቃሉ ጥቅስ ውስጥ ካልሆነ ዶላሩን ይተረጉማል። ዶከር ኮምፖዝ ፋይል ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ዶላር ሁለት ዶላር ሆኖ መጻፍ አለበት።

ሌላው የ-ፒ ወጥመድ፣ የሚቀበለው ሃሽ እንጂ የይለፍ ቃል አይደለም። በግልጽ የጻፋችሁለትን ቃል እንዳለ ሻዶው ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ሰውየው መግባት አይችልም፣ የይለፍ ቃሉ ደግሞ ያለ ሃሽ ፋይል ላይ ተጽፎ ቀረ። ዩዘርአድ ላይ ያለው -ፒም እንዲሁ ነው።

የሚፈስባቸው ቦታዎች

ትዕዛዝ መስመር ላይ የጻፋችሁት ሁሉ ቢያንስ ሦስት ቦታ ይደርሳል። የመጀመሪያው የሼሉ ታሪክ ፋይል ነው። ከትዕዛዙ በፊት ክፍት ቦታ ብትጨምሩ ታሪክ ላይ እንዳይቀር ማድረግ ይቻላል፤ የሚሠራው ግን ሂስትኮንትሮል የሚባለው ቅንብር እንዲያ ካለው ብቻ ነው፣ በማታውቁት ማሽን ላይ አትመኑት። ሁለተኛው የፕሮሰስ ዝርዝር ነው፤ ትዕዛዙ በሚሮጥባት ቅጽበት በዚያው ማሽን ላይ ያለ ሌላ ተጠቃሚ ፒኤስ ብሎ ሙሉ መስመሩን ሊያይ ይችላል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፦ ሱዱ የሮጠውን ትዕዛዝ ከነግብዓቱ ሎግ ላይ ይጽፋል። ሱዱ ዩዘርሞድ -ፒ ብላችሁ የሰጣችሁት ሃሽ፣ ነጠላ ጥቅሱ ትክክል ቢሆንም፣ የመግቢያ ሎጉ ውስጥ ተቀምጧል። ሎጉ ወደ ማዕከል የሚላክ ከሆነ ደግሞ ሻዶውን ማንበብ የማይፈቀድለት ሰው ሁሉ እዚያ ያነበዋል።

ለዚህ ነው እኔ ዩዘርሞድ -ፒን ጨርሶ የተውኩት። አሁን የምጠቀመው ሲኤች-ፓስውድን ነው፤ ሲ እና ኤች ከፓስውድ ፊት ገብተው ያለ ሰረዝ ይጻፋሉ። የሚቀበለው ከትዕዛዙ ጎን ሳይሆን በግብዓት በኩል ነው፣ ስለዚህ ፒኤስም ሱዱም ይዘቱን አያዩትም። በየመስመሩ ስም፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ የይለፍ ቃሉ። -ኢ ስትጨምሩለት የሚጠብቀው የይለፍ ቃሉን ሳይሆን ሃሹን ይሆናል።

የእኔ አሠራር እንዲህ ነው። መጀመሪያ የምፈጥረውን ፋይል ሌላ ሰው እንዳያነበው፦

ዩማስክ 077

ከዚያ /ዴቭ/ኤስኤችኤም ስር እገባለሁ፤ እዚያ የሚቀመጥ ፋይል የሚኖረው ሜሞሪ ላይ ነው፣ ዲስክ ላይ አሻራው እንዳይቀር። በናኖ «ዝርዝር» የሚል ፋይል እከፍትና በየመስመሩ እንዲህ እጽፋለሁ፦

እንግዳ:$6$ጨው$ሃሽ

በኤዲተር ስለምጽፈው ሼሉ አያየውም፤ የጥቅስ ነገር ያበቃለታል። ቀጥሎ፦

ሱዱ ሲኤች-ፓስውድ -ኢ < ዝርዝር

ከዚያ ፋይሉን እሰርዛለሁ። 38ቱን በዚህ መንገድ መልሼ ሳስገባቸው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ከሌሊቱ ስክሪፕት ይልቅ አጭር ነበር፣ ያም አናደደኝ።

ሲኤች-ፓስውድ በ-ኢ የመጣለትን ሃሽ ትክክለኛነት እንደማይመረምር ልብ በሉ። ስለዚህ ሲጨርስ ለእያንዳንዱ ፓስውድ -ኤስ በሉና ሁሉም ፒ መሆናቸውን እዩ፣ በጌትኤንትም አንድ ሁለቱን ከፍታችሁ 86ቱን ፊደል ቁጠሩ።

ማስገደድ፣ መቆለፍ

ለሰው ጊዜያዊ የይለፍ ቃል ስትሰጡ በመጀመሪያ መግቢያው እንዲቀይረው አስገድዱት፦

ሱዱ ቼጅ -ዲ 0 እንግዳ

ቼጅ አጻጻፉ ቼንጅ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው፣ ኤን ወጥቶለት። ያንን ሦስተኛ ክፍል ዜሮ ያደርገዋል፤ ስርዓቱም ዜሮን ሲያይ መቀየር አለብህ ይላል። በየሦስት ወሩ ሁሉም ይቀይር የሚለውን ልማድ ግን እኔ ትቼዋለሁ። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ያለ ምክንያት በየጊዜው ማስቀየር አያስፈልግም ብሏል። እኔ ያየሁትም ሰው መጨረሻ ላይ ያለችውን ቁጥር በአንድ ሲጨምር ነው።

ለመቆለፍ ፓስውድ -ኤል፣ ለመፍታት ፓስውድ -ዩ። መቆለፍ ማለት ሃሹ ፊት ቃለ አጋኖ መጨመር ብቻ ነው፤ ሃሹ ሳይጠፋ ማንም የማይደርስበት ይሆናል። ግን ሰውየው የኤስኤስኤች ቁልፍ (ከርቀት ያለ ይለፍ ቃል የሚያስገባ ፋይል) ካለው በብዙ ስርዓቶች አሁንም ይገባል፤ የተቆለፈው የይለፍ ቃሉ እንጂ አካውንቱ አይደለም። የምትዘጉት ሥራ የለቀቀ ሰው አካውንት ከሆነ ይህንን ጨምሩ፦

ሱዱ ዩዘርሞድ -ኢ 1 እንግዳ

አካውንቱ በ1970 ጊዜው እንዳለፈበት ይቆጠራል። ፓስውድ -ዲን ደግሞ መቆለፊያ መስሏቸው የሚጠቀሙ አሉ። ዲ የመሰረዝ ነው፤ የይለፍ ቃሉን አጥፍቶ ባዶ ይተዋል። የእኔን 38ኛ ሰው አስታውሱ።

አንድ የግል ምክር፦ የግዕዝ ፊደል የይለፍ ቃል ውስጥ መጠቀም ይቻላል፣ አንዳንዶቻችን ሞክረነዋል። እያንዳንዱ ፊደል ግን 3 ባይት ይወስዳል፣ ቢክሪፕት ደግሞ ከ72 ባይት በኋላ ያለውን አያይም፤ 24 ፊደል ማለት ነው። ይህ ብዙም አያስጨንቅ። የሚያስጨንቀው ግራፊክ በሌለው የመግቢያ ስክሪን ላይ የአማርኛ ኪቦርድ አለመኖሩ ነው። እኔ አንድ ቅዳሜ ሙሉ በዚህ ምክንያት ከራሴ ማሽን ውጪ ቆሜአለሁ።

መሞከር

የቀየራችሁትን ሳትሞክሩ አትውጡ። ያላችሁበትን የሩት መስኮት ክፍት ተዉት፤ ሌላ ተርሚናል ከፍታችሁ ከዚያ ሞክሩ። ካልሠራ የምትመለሱበት በር አላችሁ። ብዙ ሰው ሲሞክር ግን ሩት እንደሆነ ወደ ሌላ ተጠቃሚ በሚያሻግረው ትዕዛዝ «ሱ - እንግዳ» ይላል፣ ይገባል፣ «ሠራ!» ይላል። ሩት ሱ ሲል የይለፍ ቃል አይጠየቅም፤ የሞከራችሁት ምንም የለም። ከተራ ተጠቃሚ ሆናችሁ ሱ በሉ፣ ያኔ ይጠይቃችኋል። እኔ 38ቱን በአዲሱ መንገድ ካስገባሁ በኋላ አንዱን ሰው አጠገቤ አስቀምጬ በራሱ እጅ አስገብቼው ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

ሩት ራሱ ውጪ ከቀረ

የሩት የይለፍ ቃል ከጠፋና ማሽኑ ከፊታችሁ ከሆነ፣ ሲነሳ ግራብ የሚባለው ምናሌ ላይ ኢ የምትለውን የላቲን ፊደል ተጫኑ። «ሊኑክስ» ብሎ የሚጀምረውን ረጅም መስመር ፈልጉና ጫፉ ላይ «ኢኒት=/ቢን/ባሽ» ጨምሩ፤ ከዚያ ኮንትሮል እና ኤክስ። ያለ ይለፍ ቃል ሼል ውስጥ ትገባላችሁ። ዲስኩ ለንባብ ብቻ ተከፍቶ ሊሆን ስለሚችል፦

ማውንት -ኦ ሪማውንት,አርደብሊው /

ከዚያ ፓስውድ። ኤስኢሊኑክስ (በየፋይሉ ላይ መለያ እየለጠፈ የሚቆጣጠር ተጨማሪ ጥበቃ) ያለበት ስርዓት ከሆነ «ተች /.ኦቶሪሌብል» ማለትን አትርሱ፤ ካላላችሁ አዲሱ ሻዶው መለያው ተበላሽቶ በአዲሱ የይለፍ ቃልም አያስገባችሁም። በሚቀጥለው መነሳት ፋይሉን ሁሉ አንድ በአንድ ስለሚለይ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። የተንጠለጠለ መስሏችሁ በመሃል አታጥፉት።